በጎ ፈቃድ ሲመዘን

በወንጀል ሥነ ልቦና ታሪክ ተመራማሪዎችን በብዙ ካከራከሩት ሙከራዎች አንዱ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ካቦት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች ያቋቋሙት የታዳጊዎች መርሐ ግብር ነው። የካቦት እምነት፣ አንድ ልጅ ከልቡ የሚያስብለት አዋቂ ወዳጅ ካገኘ ከጥፋት መንገድ ይጠበቃል የሚል ነበር። ሐሳባቸው ግን በእምነት ብቻ አልቀረም፤ 506 ወንዶች ልጆች በዕድሜ፣ በቤተሰብ ሁኔታና በጠባይ እየተመሳሰሉ ሁለት ሁለት ሆነው ከተጣመሩ በኋላ፣ ከየጥንዱ እርዳታ የሚያገኘው የትኛው እንደሆነ በሳንቲም ዕጣ ተለየ። እርዳታ ያልደረሳቸው ልጆች የማነጻጸሪያ ቡድን ይባላሉ፤ እነርሱ ባይኖሩ፣ የታየው ለውጥ ከእርዳታው ይምጣ ወይም ልጆቹ በማደጋቸው ብቻ ይምጣ ማወቅ አይቻልም ነበር።

እርዳታው እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945 የዘለቀ ሲሆን፣ አማካሪዎች ልጆቹን በየቤታቸው እየሄዱ ይጎበኙ፣ በትምህርት ይደግፉ፣ የታመሙትን ያሳክሙ፣ ከፊሎቹንም በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ወደ ካምፕ ይልኩ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ የቀድሞዎቹን ልጆች አፈላልገው በ1978 ያሳተሙት ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። እርዳታ ካገኙት መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መርሐ ግብሩ እንደጠቀማቸው ቢመሰክሩም፣ የፍርድ ቤትና የጤና መዝገቦች ግን ሌላ ተናገሩ፦ በወንጀል የተቀጡት ከማነጻጸሪያው ቡድን አላነሱም፤ ወንጀል ከአንድ ጊዜ በላይ የፈጸሙ፣ የመጠጥ ሱስ ምልክት የታየባቸውና ያለዕድሜያቸው የሞቱ ደግሞ እርዳታ ባገኙት ዘንድ በዝተው ተገኙ። ምስጋናቸው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ የአማካሪን ደግነት መውደድና በደግነቱ መለወጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጉዳቱ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ አሳማኝ ፍንጭ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ማኮርድ ከተመራማሪዎቹ ከቶማስ ዲሺዮንና ከፍራንሷ ፑላ ጋር በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከጥንዶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ወደ ካምፕ ተደጋግመው በተላኩት ልጆች ላይ መሆኑን አሳዩ። ዲሺዮን ቀደም ሲል በኦሪገን ግዛት የታዳጊ ጓደኛሞችን ጭውውት በቪዲዮ ቀርጸው ሲመረምሩ፣ ስለ ሕግ መጣስ የሚወራው ወሬ በጓደኛ ሳቅ በተሸለመ ቁጥር ልጆቹ ከጊዜ በኋላ ወደ ጥፋት የማዘንበላቸው ዕድል እንደሚጨምር አስተውለው ነበር። ባለሙያዎች ይህን ታዳጊዎች እርስ በርሳቸው ጥፋትን የሚለማመዱበት ሂደት ይሉታል፤ ማንም አስተማሪ ነኝ ሳይል፣ ሳቁ ራሱ ያስተምራል። ለመታረም የታሰቡ ልጆችን ያለ በቂ ተቆጣጣሪ አንድ ቦታ ማሰባሰብ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ይህንኑ ሂደት ሊያፋጥን ይችላል።

ተሳታፊዎቹን እስከ እርጅና የተከታተለና በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት በሁለቱ ቡድኖች መካከል በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የቀድሞው ጉዳት በዕድሜ ብዛት ደብዝዟል፣ ካቦት ተስፋ ያደረጉት ጥቅም ግን ያኔም አልታየም።