የገና በዓል ትርጉም

«ገና» ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ «ልደት» ማለት ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የሚጾመው የነቢያት ጾም የሚፈታው በዚህ በዓል ነው። በዋዜማው ሌሊት የጎንደር ምእመናን በደብረ ብርሃን ሥላሴና በሌሎች አድባራት በማሕሌትና በቅዳሴ ያድራሉ፤ በወገራና በስሜን ደጋ ደግሞ ወጣቶች በዕለቱ በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ ይጫወታሉ። ጨዋታውን የጀመሩት የልደቱን ዜና የሰሙ እረኞች እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል።

በሉቃስ ወንጌል እንደምናነበውም የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው ለባለጸጎች ሳይሆን፣ በሌሊት መንጋቸውን ይጠብቁ ለነበሩ እረኞች ነው። እንግዲህ በታኅሣሥ ውርጭ ደበሎ ለብሶ ከብት የሚጠብቀው ልጅ የበዓሉ የመጀመሪያ ተጋባዥ ነው ማለት ነው። ጾሙ የረኀብን ምንነት ያስተምራል፤ የገና ደስታም የሚሞላው ጾመኛው ለተቸገረ ጎረቤቱ ከማዕዱ ሲያካፍል ነው።