አተንቦሮ፦ ከአንድ መንደር የወጣ ስም

የዱር እንስሳት ፊልም የሚወድ ሰው ሰር ዴቪድ አተንቦሮን በድምፃቸው ብቻ ይለያቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው ሪቻርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ለእይታ የበቃው የ«ጋንዲ» ፊልም ዳይሬክተር ነበሩ። ስሙን ዓለም ያወቀው በእነሱ ነው እንጂ በእንግሊዝ አተንቦሮ ተብለው የሚጠሩት ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው።

መነሻው በኖቲንግሃምሻየር፣ በትሬንት ወንዝ ዳር ያለችው የአተንቦሮ መንደር ናት። የቦታ ስም አጥኚዎች «የአዳ ምሽግ» ብለው ይፈቱታል፤ አዳ የጥንት ሰው ስም ነው። ከመንደሩ ወጥቶ ሌላ አገር የሰፈረ ሰው በትውልድ ቦታው ይጠራ ነበር። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ እንግሊዞች ግን ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ በመጀመሪያ ባለርስቶቹ፣ እያደርም ተራው ሕዝብ፣ አንዱን ስም ለልጅ ልጅ ማውረስ ጀመሩ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ስም በደም ውስጥ የተወው ምልክት ነው። ዋይ ክሮሞዞም እንደ ቤተሰብ ስም ሁሉ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 40 ስሞችን በዚህ መንገድ መረመሩ። (ወንድማማቾቹ አተንቦሮዎች ያደጉትም እዚያው ግቢ ነው፤ ተቋሙ ገና ኮሌጅ ሳለ አባታቸው ይመሩት ነበር።) ስሚዝ የሚባሉት ወንዶች በዝምድና ከማንም እንግሊዛዊ የተለየ ቅርበት አልነበራቸውም። ስሚዝ አንጥረኛ ማለት ነው፤ አንጥረኛ ደግሞ በየመንደሩ ነበር። ከአተንቦሮዎቹ ግን ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ወይም በጣም ተቀራራቢ ዋይ ክሮሞዞም ተገኘባቸው።

ይህ ስሙን በመጀመሪያ የያዘው አንድ ሰው ብቻ እንደነበር አያረጋግጥም። ወንድ ልጅ ያልተካ ሰው ስሙ በእሱ ያበቃል፤ ስሙ ብርቅ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ትውልድ ሲያልፍ ከበርካታ መሥራቾች የአንዱ ዘር ብቻ ሊተርፍ ይችላል። የቀሩትን አተንቦሮዎች ልዩነት ጉዲፈቻ፣ ከጋብቻ ውጭ መወለድ ወይም ስሙን በእናት በኩል መውረስ ሊያመጣው ይችላል። አግብተው የባላቸውን ስም የያዙት የአተንቦሮ ሴቶች ልጆች ግን፣ ዘራቸው ምንም ያህል ቢበዛ፣ በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም።