የጋላክሲዎች ውህደትና አዝጋሚ ለውጥ

የጋላክሲዎች ውህደት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጋላክሲዎች (ረጨቶች) በስበት ተሳስበው አንድ የሚሆኑበት ሂደት ነው። አዝጋሚ ለውጥ የሚባለው ደግሞ አንድ ጋላክሲ ከውጭ ምንም ሳይነካው፣ በውስጡ ባሉት ክዋክብትና ጋዝ እንቅስቃሴ ብቻ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ቅርጹን የሚቀይርበት ሂደት ነው። ዛሬ በቴሌስኮፕ የሚታየው ቅርጽ የሁለቱ ውጤት ሲሆን፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደመጣ መለየት ቀላል አይደለም።

ኤድዊን ሀብል በ1926 እ.ኤ.አ. ጋላክሲዎችን ሞላላ፣ ጥምዝምዝ እና ቅርጸ ቢስ ብሎ መድቧቸዋል። ምደባው መልካቸውን እንጂ እንዴት እንደዚያ እንደሆኑ አይናገርም።

ውህደት

ጋላክሲዎች ተጋጩ ሲባል ክዋክብቱ እርስ በርስ ተላተሙ ማለት አይደለም። ፀሐይ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የሽምብራ ፍሬ ብትሆን፣ ቅርቧ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 290 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ምክንያት ክዋክብት ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። የሚላተመው ጋዙ ነው፤ ሲጨመቅም በአጭር ጊዜ ብዙ አዳዲስ ክዋክብት ይወለዱበታል። ስበቱም ክዋክብቱን ከቀድሞ ምህዋራቸው ያስወጣቸዋል።

ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ገና ባልተስፋፋበት በ1941፣ ስዊድናዊው ኤሪክ ሆልምበርግ ይህን ያጠናው በአምፖል ነበር። ለእያንዳንዱ ጋላክሲ 37፣ በጠቅላላው 74 አምፖሎች ደረደረ። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃንም ስበትም ወደ ሩብ ስለሚወርዱ፣ በየአምፖሉ ቦታ የሚደርሰውን ብርሃን በመለካት የስበቱን መጠን አገኘ፤ ከዚያ አምፖሎቹን ጥቂት እያንቀሳቀሰ ልኬቱን ደጋገመ። ዛሬ በሱፐር ኮምፒዩተር የሚሠራው ስሌትም በሐሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1972 ወንድማማቾቹ አላር እና ዩሪ ቱምሬ በኮምፒዩተር አስልተው፣ እንደ አንቴና ጋላክሲዎች ባሉት ላይ የሚታዩት ረጃጅም ጭራዎች በስበት ጉተታ የሚፈጠሩ መሆናቸውን አሳዩ።

ተቀራራቢ ክብደት ያላቸው ሁለት ጥምዝምዝ ጋላክሲዎች ሲዋሃዱ እንደ ምጣድ ዝርግ የነበረው ቅርጽ ይፈርሳል። በአንድ አቅጣጫ ይዞሩ የነበሩት ክዋክብት በየአቅጣጫው ይበተኑና ሞላላ ጋላክሲ ይፈጠራል። ጋዝ በብዛት ከተረፈ ግን ዝርጉ ክፍል እንደገና ሊሠራ ይችላል።

አዝጋሚ ለውጥ

በብዙ ጥምዝምዝ ጋላክሲዎች መሐል ክዋክብት ተሰባስበው ዘንግ የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ። ዘንጉ ሲሽከረከር በስበቱ ጋዙን ዙሩን እያቀዘቀዘ ወደ መሐል ያወርደዋል፤ እዚያም አዳዲስ ክዋክብት ይወለዳሉ። ዘንጉ ራሱ ከጊዜ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ይወፍርና ከጎን ሲታይ የለውዝ ቅርፊት ይመስላል። ማንም ሳይጋጨው መሐሉ ያበጠ ጋላክሲ ተገኘ ማለት ነው።

የፍኖተ ሐሊብ ታሪክ

የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ሁለቱንም ይዟል። የመሐሉ እብጠት በአብዛኛው ከዘንጉ የመጣ ነው። በዙሪያው ያሉት ጥንታዊ ክዋክብት ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኩራኩር ከ1 ቢሊዮን በላይ ክዋክብትን ለክታ በ2018 መረጃው ሲወጣ፣ ብዙዎቹ እጅግ በረዘመ ምህዋር ወደ መሐል ገብተው የሚወጡ ሆነው ተገኙ። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተዋጠ፣ ጋያ-ኢንሴላደስ የተባለ ጋላክሲ ቅሪቶች ናቸው። በ1994 የታወቀው ሳጂታሪየስ ድንክ ጋላክሲ ደግሞ ዛሬም እየተበጣጠሰ ነው።

2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኘው አንድሮሜዳ ከ4 እስከ 5 ቢሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ከፍኖተ ሐሊብ ጋር መዋሃዱ እንደማይቀር ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በ2025 የወጣ ጥናት ግን በመጪዎቹ 10 ቢሊዮን ዓመታት የመዋሃዳቸውን ዕድል ወደ 50 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ የፍኖተ ሐሊብ ጎረቤት የሆነው ትልቁ የማጄላን ደመና ስበት በስሌቱ ውስጥ መግባቱ ነው።