ደግነት ወይስ ፍርሃት?

ባለፈው ወር እንግዶች ቤታችን መጥተው ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጄ አሻንጉሊቷን አልሰጥም ብላ ጥብቅ አድርጋ ስትይዝ ‹‹ጨዋ ልጅ አይደለሽ? ስጫት እንጂ!›› አልኳት። ሰጠች፤ ሁሉም አመሰገናት። ማታ ሳስተኛት ግን ‹‹እማዬ፣ ባልሰጣት ትቆጪኝ ነበር አይደል?›› አለችኝ። ‹‹ኧረ አልቆጣም›› አልኳት። ዋሸሁ።

የልጄን ጥያቄ ከ130 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በሌላ መልኩ ያነሳ ሰው አለ፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬድሪክ ኒቼ። በ1844 እ.ኤ.አ. ከሉተራን ፓስተር ተወለደ፤ አባቱን በአራት ዓመቱ አጣ። በ24 ዓመቱ በስዊዘርላንዱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1887 እ.ኤ.አ. ስለ ሥነ ምግባር አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ የክርስትናን ሥነ ምግባር ክፉኛ ተቸ።

ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ደካማው ጉልበተኛውን መበቀል ሲያቅተው አቅመ ቢስነቱን ‹‹ትሕትና››፣ አለመበቀሉን ‹‹ይቅር ባይነት›› ብሎ ሰየመው፤ ቂሙ ግን ከውስጡ አልወጣም። በጀርመንኛ ‹‹ሹልድ›› የሚለው ቃል ዕዳም ጥፋትም ማለት ነው። ኒቼም የጥፋተኝነት ስሜት ሥሩ የአበዳሪና የተበዳሪ ግንኙነት ነው ይላል።

በሁሉም አልስማማም። ታማሚ ጎረቤቷን በሌሊት ሆስፒታል የምታደርስ ሴት ደግነቷ ከቂም የመጣ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን የቆሮንቶስን ሰዎች ቅር እያላችሁ ወይም በግድ አትስጡ ብሏቸዋል። በዚህ ነጥብ ሐዋርያውና ተቺው ብዙም የሚራራቁ አይመስለኝም።

ጥያቄው ግን ቤታችን ድረስ ይገባል። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ‹‹ሰው ምን ይለኛል›› የሚለው ፍርሃት ስንት ዕቃ እንደሚያሸጥ አውቃለሁ። ተበድረን የምንደግሰው ድግስ፣ ‹‹እምቢ›› ማለት አቅቶን የምንገባው ዋስትና፣ ሁሉም ‹‹ጨዋነት›› ይባላል። ስንቱ ፍቅር ነው? ስንቱስ ይሉኝታ?

እንግዶቹ በድጋሚ ሲመጡ ልጄን ‹‹የትኛውን ማካፈል ትፈልጊያለሽ?›› ብዬ ጠየቅኳት። አሻንጉሊቷን አስቀምጣ ባለቀለም እርሳሶቿን አመጣች። እንግዳዋ እናት ፊት ትንሽ አፈርኩ፤ ይሉኝታ በአንድ ቀን አይለቅም። ልጆቹ ግን እስከ ማታ አብረው ሲስሉ ዋሉ። በዚያ ምሽት ልጄ ስለ ቁጣዬ አልጠየቀችኝም። ‹‹መቼ ነው ደግሞ የሚመጡት?›› ነበር ያለችኝ።