በበገና የሚፈተን ማዳመጫ

የጆሮ ማዳመጫ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ሻጩ መጀመሪያ የሚያደርገው ቤዙ የሚደልቅ ዘፈን ከፍቶ ድምፁን እስከ ጥግ መልቀቅ ነው። ደረት የሚመታ ስለሚመስል «ይሄማ ይለያል!» ያሰኛል። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ብዬ ገዛሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ፆም ስለነበር በገና ከፈትኩ። ጆሮዬ ውስጥ የገባው ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ የሚመስል ጉምጉምታ ነበር። አሥሩ አውታር አንድ ላይ ተላቁጦ፣ የደርዳሪው ጣት ከየትኛው ወደየትኛው እንደሄደ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማዳመጫ የምሞክረው በበገና ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠውም ምክር ይኸው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል፤ ድምፁም ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። በገናን በገና ያሰኘው ግን ውፍረቱ ብቻ አይደለም። አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲደረደር ቆዳዋን እየነካካ ይርገበገባል፤ ያ ሰውነትን ውርር የሚያደርገው ንዝረት የሚወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ አንዲት የበገና ምት ሁለት ነገር ይዛ ትመጣለች፤ ከታች ወፍራሙን የአውታሩን ድምፅ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ንብ መንጋ የሚያዜመውን ንዝረት። ቤዙ ያበጠ ማዳመጫ ንዝረቱን ይውጠዋል። ቀጭኑ ድምፅ የበዛበት ደግሞ ንዝረቱን ቆርቆሮ ላይ እንደሚንኳኳ ጠጠር ያደርገዋል። በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛ ሆኖ የወጣውን የዓለሙ አጋን ቅጂ በጥሩ ማዳመጫ የሰማ ሰው አውታሩ ሲነካ፣ ንዝረቱ ሲነሣ፣ ቀስ እያለም ሲከስም ይከተለዋል፤ ድምፃዊው መስመሩን ከመጀመሩ በፊት የሚስበውን ትንፋሽ ሳይቀር።

ወደ ዕቃው እንግባ። ማዳመጫ ማለት ትንሽ ስፒከር ነው። አንዲት ስስ ሽፋን አለች፤ ከጀርባዋ ፀጉር የመሰለ ጥቅል ሽቦ፣ ሽቦውን የከበበ ማግኔት። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሲመላለስ ሽፋኗ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተርገበገበች አየሩን ትገፋለች። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሽፋኗ ወደ ጆሮ የምትገፋው አየር እንዳለ ሁሉ ወደ ጀርባዋም የምትገፋው አለ። የኋላው አየር ወዴት ይሂድ? የቤትና የመንገድ ማዳመጫን የሚለየው ለዚህች ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው።

ለብዙ ዘመን መልሱ አንድ ነበር፤ ይታፈን የሚል። ማዳመጫ መጀመሪያ የስልክ ኦፕሬተርና የሬዲዮ ሠራተኛ መሣሪያ ነበር። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በ1910 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤቱ ማዕድ ቤት የሠራውን ማዳመጫ የገዛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበር። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራውን ስቴሪዮ ማዳመጫ ጆን ኮስ ሚልዋኪ ላይ ለገበያ ያቀረበው በ1958 ነው። በ1968 ደግሞ የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414 የሚባለውን አወጣ። ከባድና የታፈነ የነበረውን ነገር ጀርባውን ከፈቱት፤ ትራሱንም ቢጫ ስፖንጅ አደረጉት። አየሩ እንደ ልቡ ወጣ፣ ገባ። ሰሚውም ሙዚቃው በራስ ቅሉ ውስጥ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ያለ መሰለው።

ቤት ውስጥ፣ ብቻችሁን፣ ጸጥ ባለ ሰዓት የምትሰሙ ከሆነ እኔ ያለ ማመንታት ጀርባው ክፍት የሆነውን እመክራለሁ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ በዝግ ማዳመጫ ስሰማው ያምራል፤ በክፍት ስሰማው ግን ፒያኖው የተቀመጠበት ክፍል አብሮ ይመጣል። እጃቸው ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሳይቸኩል ሲሻገር በመካከል ያለችው ዝምታም ትሰማለች። ጆሮም አያልበውም፤ ሁለት ሰዓት ቢቀመጡበት አያፍንም። ዋጋው ግን አለው። ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚፈስ አጠገባችሁ የተኛ ሰው ካለ አይሆንም፤ የጎረቤት ጄኔሬተርም ቢነሣ እንዳለ ይገባል። ወፍራሙ የከበሮ ጉልበትም ብዙውን ጊዜ ከዝጉ ይቀንሳል።

በዚህ ወገን ስሙ በሰፊው የሚነሣው በ1997 የወጣው የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። እሱን የሚያስብ ሰው አንድ ቁጥር ማወቅ አለበት፤ 300 ኦም። ኦም ማዳመጫው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ልክ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል የስልክ ጉልበት አይበቃውም፤ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ይሆናል፤ ትንሽ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ከዝጎቹ ወገን የሆነው የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ መልኩ ተቀራራቢ ስለሆነ ሳጥኑን ያላነበበ ሰው ባለ 250ውን ይዞ ሄዶ ከስልኩ ጋር ሲያያይዘው ያዝናል። ከስልክ ብቻ የምትሰሙ ከሆነ ከ32 እስከ 60 ኦም አካባቢ ያለውን ያዙ።

መንገድ ሌላ ዓለም ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ አስቡት፤ ሞተሩ ከሥር ያጓራል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል፣ ሾፌሩም የራሱን ዘፈን ከፍቷል። በዚህ መካከል ክፍት ማዳመጫ ያደረገ ሰው ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ድምፁን መጨመር። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ዴሲቤል ላይ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከ80 ወደ 90 ትንሽ ጭማሪ ትመስላለች፤ የሚፈቀደው ጊዜ ግን አሥር እጅ ወርዷል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ የውጭውን ጫጫታ የሚከላከል ማዳመጫ ለመንገደኛ ቅንጦት አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት እንዲችል የሚያደርገው እሱ ነው።

ጫጫታን የሚከለክሉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መድፈን ነው፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከብ ዝግ ሄድፎን፣ ወይም ጆሮ ውስጥ የሚገባ ባለ ጎማ ኢርፎን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋት ነገር አለች። ኢርፎኑ በካርቶኑ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ጎማ ይዞ ይመጣል፤ ገዢው ግን መጀመሪያ የተሰካውን እንዳለ ይተወዋል። ጎማው ከጆሮ ጋር ካልገጠመ በክፍተቱ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቤዙ ነው። «ድምፁ ቀጭን ነው» ተብሎ የተጣለ ኢርፎን ጎማው በትልቁ ሲቀየርለት ከበሮው ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል ላይሆን ስለሚችል አንዱ ትልቅ፣ አንዱ መካከለኛ ጎማ ቢፈልግ አትገረሙ። ሄድፎንም እንዲሁ ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ሻሽ ያሰረች ወይም ወፍራም ሹሩባ የተሠራች ትራሱ ከቆዳ ጋር ስለማይገጥም ድምፁ ይፈስባቸዋል። ሱቅ ስትሄዱ በየቀኑ እንደምትሆኑት ሆናችሁ፣ መነጽሩን ሳታወልቁ፣ ሻሹን ሳትፈቱ ሞክሩት።

ሁለተኛው መንገድ ኖይዝ ካንስሊንግ የሚባለው ነው። አማር ቦዝ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1978 ከዙሪክ ሲበሩ፣ የአውሮፕላኑ ሞተር ድምፅ በማዳመጫ የሚሰሙትን ሙዚቃ ቢያበላሽባቸው እዚያው መቀመጫቸው ላይ ስሌቱን መሥራት ጀመሩ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ማዳመጫው ላይ ያለች ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ትሰማለች፣ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት የዚያኑ ድምፅ ግልባጭ ይሠራል። የውጩ ሞገድ ከፍ ሲል ግልባጩ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይህ የሚሠራው ግን ለማያቋርጥና ለወፍራም ድምፅ ነው። የሞተሩን ጉርምርምታ ያጠፋዋል፤ የረዳቱን ጥሪ፣ የጥሩንባውን ጩኸት፣ የሕፃኑን ልቅሶ ግን ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም። አስፋልት ስትሻገሩ ደግሞ አጥፉት። ብዙዎቹ የውጭውን ድምፅ የሚያሳልፍ አማራጭ ስላላቸው ቁልፉ የት እንዳለ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ብሉቱዝ የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጉዳዩን አላከብደውም። ብሉቱዝ ሙዚቃውን ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው፤ የጭመቃው ዓይነት ኤስቢሲ፣ ኤኤሲ፣ ኤልዳክ እየተባለ ይለያያል። መንገድ ላይ ግን ልዩነቱን መለየት ያስቸግራል፤ ፋይሉ ራሱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የቆየ ደካማ ኤምፒ3 ከሆነ ደግሞ የትኛውም ጭመቃ የጠፋውን አይመልስለትም። ይልቅ የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። የትንንሾቹ ባለ ማስቀመጫ ኢርፎኖች ባትሪ ውስጥ ተጣብቆ የታሸገ ነው፤ ሲደክም ዕቃው አብሮ ያበቃል። ክራርም ሆነ ኪቦርድ እየተጫወተ ራሱን መስማት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ባለ ሽቦ ይሻለዋል፤ ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ጣቱና ጆሮው ይለያዩበታል።

አንድ ኢርፎን ለሁለት መካፈል ወጋችን ነው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለወንድሜ። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የሶኒ ዎክማን እንኳ ለሁለት ሰው ብሎ ሁለት የጃክ ቀዳዳ ነበረው። ስቴሪዮ በሆነ ቅጂ ግን ግራና ቀኙ የሚይዙት የተለያየ ነው፤ ጊታሩ በአንደኛው፣ ሳክስፎኑ በሌላው ሊሆን ይችላል። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ድምፁን ሞኖ ብታደርጉት ሁለታችሁም ሙሉውን ትሰማላችሁ።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው «ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ» የሰው ጆሮ ሊሰማ ይችላል የሚባለው ወሰን ነው። በዚያ መካከል የትኛው እንደበዛ፣ የትኛው እንደጎደለ ስለማይነግር እንደ መመረጫ አትያዙት። የሽፋኗ ስፋት በሚሊሜትር መጻፉም እንደዚያው ነው። የስመ ጥር ዕቃዎች ኮፒ ገበያው ውስጥ ሞልቷል፤ ሳጥኑም ጽሑፉም ኦርጅናሉን ስለሚመስል ዓይን ይታለላል። ጆሮ ግን መፈተኛ አለው። የምታውቁትን ሙዚቃ በስልካችሁ ጭናችሁ ሂዱ፤ ሦስት ይበቃሉ። በገናው የነገርኳችሁ ነው። ሁለተኛው የሰው ድምፅ የጎላበት ይሁን፤ ድምፃዊው ብዙ ጊዜ በትክክል መሃል ላይ መቆም አለበት፣ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ማዳመጫውን ገልብጣችሁ አድርጉት፤ ዝንባሌው አብሮት ከዞረ ግራና ቀኙ እኩል አይደሉም። ሦስተኛው እልልታ ያለበት የሠርግ ዘፈን ይሁን፤ እልልታው ጆሮ ከወጋ ነገ ሰዓት ሙሉ አትሰሙትም። ሁለት ማዳመጫ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሻጩን አስፈቅዳችሁም ሃያ ደቂቃ አድርጉት፤ አናት ላይ የሚያርፈው ቀስት መጫኑ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም።

ከዚያ ስለ መለዋወጫው ጠይቁ። መጀመሪያ የሚያልቀው ትራሱ ነው፤ ሰው ሠራሹ ቆዳ በላብ ይላላጣል፣ ጥቁር ቅርፊቱም ጉንጭ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚበጠሰው ሽቦው ነው፣ ያውም ጃኩ አንገት ላይ። ሽቦው ተነቅሎ የሚተካ፣ ትራሱም ተሸጦ የሚገኝ ማዳመጫ ሁለቱንም ያልፋል። የእኔው የቤት ማዳመጫ ትራሱን ሁለት ጊዜ፣ ሽቦውን አንድ ጊዜ ቀይሬለታለሁ። አዲሱን ትራስ የገጠምኩ ዕለት በገናው ከወትሮው ትንሽ ወፍሮ መጣ፤ አሮጌው ትራስ ጠፍጥፎ ስለነበር ቤዙ ሲያመልጥ እንደኖረ ያወቅሁት ያኔ ነው።