«ይስሐቅ» የሚለው ስም፤ ፍቺውና አጻጻፉ

ከአይሁድ ጥንታዊ የወንድ ስሞች አንዱ የሆነው «ይስሐቅ» በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ በአንድ መልክ ረግቶ አይገኝም። በመጽሐፍ ቅዱስ «ይስሐቅ» የተባለው በዜና ጽሑፍ «ይትዛክ»፣ በሌላ ስፍራ «አይዛክ» ሆኖ ይመጣል። ተርጓሚው አንዱን ከመምረጡ በፊት የስሙን ፍቺ ሊመረምር ይገባዋል እንላለን።

ስሙ በዕብራይስጥ የሚጻፈው በዮድ፣ በጻዴ፣ በሔትና በቆፍ ነው። ሥሩ «ሣቀ» ማለት ሲሆን፣ በመጀመሪያው የገባው ዮድ ልክ እንደኛው «ይ» የሩቅ ወንድ መደብ ምልክት ነው። ስለዚህ ፍቺው «ይሥቃል» ወይም «ይሣቅ» ይሆናል። ግሥ እንዳለ ስም መሆኑ ይልማን፣ ይርጋንና ይበልጣልን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሊቃውንት ስሙ ቀድሞ «ኤል» የሚል ተቀጥላ እንደነበረው ይገምታሉ፤ ይኸውም «አምላክ ይሣቅለት»፣ በደስታ ይመልከተው ለማለት ነው። «ኤል ይሰማል» የሚል ፍቺ ያለው እስማኤልም በዚሁ አኳኋን የተሠራ ነው። የዘፍጥረት መጽሐፍ ግን ሣቁን ለወላጆቹ ይሰጣል፤ አብርሃም በ17፥17፣ ሣራ በ18፥12 ይሥቃሉ። የጥንት የአይሁድ መምህራንም ከሦስቱ አበው የእርሱ ስም ብቻ ያልተለወጠው ሳይወለድ በፈጣሪ ስለተሰየመ ነው ይላሉ።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው የግእዙ መልክ ነው። በግእዝ ሣቀ «ሠሐቀ» ይባላል፤ ትንቢቱ «ይሥሕቅ»፣ ትእዛዙ «ይሥሐቅ» ነው። እንግዲህ የሠና የሰ ልዩነት ካልታሰበ በቀር ስሙ ከትእዛዝ አንቀጹ ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። በዐረብኛ የዚሁ ግሥ መነሻ ዳድ ስለሆነ፣ በተለመደው የፊደላት ዝምድና በግእዝ ፀ ይጠበቅ ነበር። ሆኖም ዕብራይስጡ ራሱ በሲን የሚጻፍ መንታ ግሥ አለው፤ ስሙም በኤርምያስ 33፥26፣ በአሞጽ 7፥9 እና 7፥16፣ እንዲሁም በዕብራይስጡ ቍጥር በመዝሙር 105፥9 በዚሁ ፊደል ተጽፏል። የጽርዑ «ኢሳአክ» ሐውን ጥሎታል። የእኛው «ይስሐቅ» ግን ሐውንም ቀውንም ስለያዘ ከጽርዕ ብቻ የተቀዳ ሊሆን አይችልም።

መሐረ «ማረ»፣ ሰሐበ «ሳበ» እንደሆነ ሁሉ ሠሐቀም በአማርኛ «ሣቀ» ሆኗል። ሕዝቡ ስሙን «ይሳቅ» ብሎ ሲጠራ፣ ሳያስበው የዕብራይስጡን ፍቺ ይናገራል። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ቋንቋ ጥቂት ነው።

ተርጓሚው ይህን ዕድል በቀላሉ ሊያባክነው ይችላል። በዘፍጥረት 21፥9 የእስማኤል ድርጊት፣ በ26፥8 ይስሐቅ ከርብቃ ጋር ሆኖ የሚያደርገው፣ ሁለቱም የተነገሩት በዚያው በሣቅ ግሥ ነው። በአማርኛ አንዱ «ማላገጥ»፣ ሌላው «መጫወት» ከተባለ ዘሩ ይጠፋል፤ አንባቢውም ስሙና ድርጊቱ መያያዛቸውን አያይም። በ26፥8 «ሲሣሣቅ» ቢባል አማርኛው ያምራል፣ ዘሩም ይጠበቃል። በ21፥9 «ሲሥቅ» ማለት ይበቃል፤ «ሲሥቅበት» ቢባል ግን በዕብራይስጡ ያልተጠቀሰ ተሣቂ ስለሚጨመር አንደግፈውም።

አጻጻፉን በሚመለከት፣ «ይትዛክ» በላቲን ፊደል የ«ጸ»ን ድምፅ ለማመልከት የተጣመሩትን ሁለት ሆህያት «ት» እና «ዝ» አድርጎ ከመነጠል የመጣ ስሕተት ነው፤ በዕብራይስጡ ውስጥ የ«ዝ» ድምፅ የለም። የዕብራይስጡን ሆህያት ማሳየት ለሚፈልግ የቋንቋ ጥናት «ይጽሐቅ» ተገቢ ነው። በሌላው ሁሉ «ይስሐቅ» እንዲጸና እንመክራለን፤ ይህም በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ብቻ ሳይሆን፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤሎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበሩት ለይስሐቅ ሻሚርም ጭምር ነው። «አይዛክ» የሚለው ግን ባለስሙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኖ ራሱን በዚያ አጠራር ሲጠራ ብቻ ይጻፍ።