«ሄደህ ተመለስክ?»

ባለፈው ጥር ብቻዬን ሮም ደርሼ መምጣቴን ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ሥራ የለህ፣ ዘመድ የለህ፣ በዚያ ብርድ ምን ልትሠራ ሄድክ? ሆሳዕና መናኸሪያ የሚያውቁኝ ልጆች ደግሞ አሳጥረውታል፦ «ሄደህ ተመለስክ?»

አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ለማየት አይደለም። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ የሚወጣው ወጣት መሬት ተሽጦለት፣ እቁብ ተጥሎለት፣ ወንድም ተበድሮለት ነው። መድረሻው ብዙ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ መንገዱም ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በምትባል ግዛት፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር የ64 ሰዎች አስከሬን ወጥቶ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነግሮ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ልጁ ጋ የሚደውል ወላጅ ባለበት ከተማ «ለጉብኝት ነው የሄድኩት» ማለት ቅንጦት ይመስላል። ይምሰል። ማየት በራሱ በቂ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ጥርን የመረጥኩት በኪሴ ምክንያት ነው። ጣሊያኖች የልደትና የአዲስ ዓመት ግርግራቸውን በእነሱ ጃንዋሪ 6፣ በጥምቀታቸው ዕለት ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ከተማው ይተነፍሳል፤ የማደሪያ ዋጋ ይወርዳል፤ ኮሎሲየም በር ላይ የበጋቸውን ሰልፍ አታዩም። የልብስ ቅናሽም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። የመንግሥት ሙዚየሞች ደግሞ በእነሱ ወር የመጀመሪያ እሑድ በነፃ ያስገባሉ።

ብርዱ እንደሚወራው አይደለም። ሮም ስቶክሆልም አይደለችም። ጥር ላይ ቀኑ 12 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ 3 ቢሆን ነው። የሆሳዕናን የታኅሣሥ ማለዳ የሚያውቅ ሰው በአንድ ደህና ጃኬት ይወጣዋል። የሚያስቸግረው ቤት ውስጥ ነው። ጣሊያን ውስጥ የቤት ማሞቂያ የሚበራው በሕግ በተወሰነ ጊዜ ነው፤ ሮም ባለችበት ቀጠና በእኛ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ያውም በቀን ከ12 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። ሌሊት ላይ የማሞቂያው ብረት ይቀዘቅዛል። ጋቢ ይዤ በመሄዴ የሳቃችሁብኝ፣ እኔ ሞቆኝ አድሬአለሁ።

ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ጨለማው ነው። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ የለችም። ብቻውን የሆነ ሰው ሆድ የሚብሰውም ያኔ ነው። እኛ ጋ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል፤ ከጎኑ ያለው «እንብላ» ሳይለው አይጎርስም። ሮም ውስጥ ግን ቡና ቤቱ ብቻውን ለመጣ ሰው የተሠራ ይመስላል። ሰው ይገባል፣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠጣል፣ ይወጣል። ቆማችሁ ስትጠጡ ዋጋው ያንሳል፤ ወንበር ስትይዙ ይጨምራል። ማንም «ከማን ጋ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ይህ አንዳንድ ቀን እረፍት ነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቢጠይቁኝ ያሰኛል።

አሁን ልጽፍበት ወደፈለግኩት ልምጣ። ከአየር ማረፊያው፣ ከፊዩሚቺኖ፣ ቀጥታው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል። ተርሚኒ የሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ደግሞ የከተማ አውቶቡሶች መነሻ። እኛ መናኸሪያ ረዳቱ «አዲሳባ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ብቻውን የመጣውን ሰው ይሻማበታል። ተርሚኒ ማንም አይጠራችሁም፤ ሰሌዳ አንብባችሁ ትሳፈራላችሁ። ቦርሳችሁን ወደ ፊት ማዞር ግን እዚያም ያው ነው።

የአደባባዩ ስም ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደ ማለት። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሮም ከየትም ዓለም የሚመጣውን እንግዳ የምትቀበለው እኛ ባሸነፍንበት ጦርነት መታሰቢያ ላይ ነው ማለት ነው። ሻንጣ እየጎተተ ከሚያልፈው ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ።

ከጣቢያው ጥቂት ራመድ ብሎ በአንዲት ትንሽ አትክልት ውስጥ የዶጋሊ ሐውልት ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ ነው። ከሐውልቱ ሥር አንድ ዘመን የእኛው አንበሳ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ ለገሃር ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣሊያኖች ነቅለው ወስደው እዚያ አስቀመጡት። ከባቡር ጣቢያ ተነቅሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ኤርትራ የተወለደው አስተርጓሚ ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፍ መዝዞ የተነሳው እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ ተይዞ፣ አገሩን ሳያይ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር አለ። ከጓደኛ ጋር ብሆን ኖሮ «ና እንጂ፣ ፏፏቴ ጋ ፎቶ እንነሳ» ተብዬ ነበር። ብቻዬን ስለነበርኩ እስኪበቃኝ ቆምኩ።

ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይም ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ እዚያ ቆሞ ኖሮ በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ነው ይባላል። ውድድሩ ያለቀው በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር። ጥር ላይ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከፖርታ ካፔና ወደ ቅስቱ ብትራመዱ የመጨረሻዋን መንገድ እሱ እንዳያት በምሽት ታዩዋታላችሁ።

ስለ ሐበሾቹም ልንገራችሁ። ተርሚኒ ዙሪያ እንጀራ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ አማርኛና ትግርኛ መንገድ ላይ ይሰማል። እዚያው ቅርብ ባለው የኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ፖሊስ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞችን በውሃ መድፍ በትኗል። አውሮፓ ለጎብኚና ለስደተኛ አንድ ዓይነት ፊት የላትም። እኔ የመመለሻ ትኬት ኪሴ ስለነበረ ነው በሰላም ቡና ስጠጣ የከረምኩት።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ጥርን ከፈለጋችሁ መስከረም ላይ ጀምሩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ለአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሏችሁም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የማደሪያ ማረጋገጫና የባንክ መግለጫ ይጠየቃል። አሻራ የምትሰጡት ራሳችሁ አዲስ አበባ ቀርባችሁ ነው፤ ማንም ሊሰጥላችሁ አይችልም። ስለዚህ መናኸሪያ አካባቢ «የጣሊያን ቪዛ በእጃችን ነው» የሚላችሁን ደላላ አትመኑ፤ እናታችሁ በሬ ሸጣ የሰጠቻችሁን ገንዘብ አትክፈሉት።